ቀበቶ የታጠቀው ሰባት

«ቴምብር» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ እዚህ ሃስኪን ግሮቭ ውስጥ ቬርና ቫንቾን ለምን ቴምብር ትሏታላችሁ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሁሉም «ከድሮም ስሟ ነው» ብሎ ያልፋችኋል። ውሸት ነው። ከሌስተር ፕሩዊት አፍ ነው የወጣው። ሌስተር ፕሩዊት ደግሞ እኔ ነኝ። ሃምሳ አንድ ዓመት በዚህች ከተማ ፀጉር ቆርጫለሁ፣ ጢም ላጭቻለሁ። ደንበኞቼ ምላስህ ከምላጭህ ይስላል ይሉኝ ነበር፤ እኔ ሞኙም ያመሰገኑኝ እየመሰለኝ ደረቴን እነፋ ነበር።

ቬርና ባለፈው የካቲት ሞተች። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ቀብሯ ላይ ቄሱ «ዝምተኛ ሴት ነበረች» አሉ። ዝምተኛ! ቄሱ ለከተማው አዲስ ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። ቬርና ዝምተኛ ሆና አልተፈጠረችም። ዝም ያሰኘናት እኛ ነን።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቷ ነው። ማቱሽ ቫንቾ ከስሎቫኮች አገር መጥቶ እዚህ ከሰል ጉድጓድ የገባ ሰው ነው። እጁ ትልልቅ፣ ቃሉ ጥቂት። እንግሊዝኛ እንደምንም ይናገራል እንጂ ማንበብ ጨርሶ አይችልም። ፊደሉንና ቁጥሩን ግን ከሰል ከሚጭኑት ፉርጎዎች ላይ እያየ ለይቶ ነበር። ታዲያ ይህ ሰው፣ የመጀመሪያው ትልቁ ጦርነት ካለቀ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ አንድ ቀን ሚስቱን አስከትሎ ባቡር ጣቢያ ሄደና ቤት ተረከበ። ቤት ስላችሁ፣ ቤት ነው። ያኔ ከካታሎግ ላይ ሥዕሉን መርጣችሁ ደብዳቤ ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ ሙሉ ቤት ተቆራርጦ በፉርጎ ይመጣላችኋል፤ በሩ፣ መስኮቱ፣ ሚስማሩ፣ ቀለሙ፣ አንድም ሳይቀር። ወለሉን የሚሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች ላይ ደግሞ፣ የቱ ከየቱ ጎን እንደሚገባ እንዳይምታታ፣ ፊደልና ቁጥር ታትሞባቸዋል። ሥዕልና ቁጥር የሞላበት መጽሐፍም አብሮ ይመጣል።

ማቱሽ ከጉድጓድ ሲወጣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ወደ እንጨቱ ክምር ይሄድ ነበር አሉ። አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀበት። የከተማው አናጺዎች አጥሩ ላይ ተደግፈው፣ «ማቱሽ፣ እራቱስ አብሮ አልመጣም?» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ቁጥር ከቁጥር እያገናኘ ጨረሰው። ያ ሰው በሕይወቱ ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ነገር ያንን ቤት ብቻ ነው።

ቬርና የተወለደችው በዚያ ቤት የፊት ክፍል ነው። ፊደል የቆጠረችው ደግሞ ምድር ቤቱ ውስጥ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቷ ትከሻው ላይ ያወጣትና ከራሳቸው በላይ የተዘረጉትን አግዳሚዎች በጣቷ እያስነካ ይጠይቃታል።

«ይቺ ማን ናት?»

«ሲ 417!»

«ጎረቤቷስ?»

«ሲ 418!»

«ተጣልተዋል?»

«አልተጣሉም!»

«በምን አወቅሽ?»

«ወለሉ ሲጢጥ አይልማ!»

ማቱሽ በወረቀት ላይ ሰባት ሲጽፍ እንደ አገሩ ልማድ ወገቡ ላይ ሰረዝ ያደርግበታል። ቬርና «አባዬ፣ የእንጨቱ ሰባት እኮ እንደዚህ አይደለም» ስትለው፣ «የእኔ አገር ሰባት ቀበቶ ሳይታጠቅ ከቤት አይወጣም» ይላታል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እሷው ናት፣ ኋላ፣ ሁሉ ነገር ከተበላሸ በኋላ።

እንግዲህ ወደ እኔ ጉድ ልምጣ። አሥራ አንድ ዓመታችን ነበር። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለው ቤት «የሳጥን ቤት» ነበር የሚባለው፤ አናጺ አቁሞ ማሠራት ያቃተው ሰው ቤት ማለት ነው፣ ያሳፍር ነበር። አንድ ቀን አስተማሪያችን፣ አባቶቻችሁ በእጃቸው ስለሠሩት ነገር ተናገሩ አለችን። ቬርና ተነሳች። ጉንጯ በደስታ ቀልቶ፣ «የእኔ አባት ቤታችንን ሠራ። እንጨቶቹ በሙሉ ቁጥር አላቸው። እኔ ሁሉንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ» አለች።

ምን አባቱ አስቀባጠረኝ! ከኋላ ወንበር ሆኜ፣ «በፖስታ የመጣ ቤት! ቴምብሩንስ ማን ላሰው?» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አስተማሪዋ ራሷ አፏን በመሀረብ ያዘች። ቬርና ቆማ ቀረች፤ መቀመጥም አቃታት። በማግስቱ ስሟ ቴምብር ሆነ። በመንገድ ስታልፍ ልጆች ምላሳቸውን አውጥተው የእጃቸውን ጀርባ ይልሱባት ጀመር። ያንንም ያስጀመርኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ድረስ መጣችና እጅጌዬን ጨምድዳ ያዘች። ፀጉሯ ውስጥ የእንጨት ፍቅፋቂ ተሰግስጓል።

«ና» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ና አልኩህ፣ አንተ ምላሳም!»

እየጎተተች ምድር ቤታቸው አወረደችኝ። መሬቱ በፍቅፋቂ ተሸፍኗል። በርሜል ተገልብጦ ቆሟል፤ የአባቷ ትንሿ መላጊያ በርሜሉ ላይ ተቀምጣለች። ቀና ስል አግዳሚዎቹ በቁጥራቸው ቦታ ነጭ ነጭ ሆነዋል። በርሜሉ ላይ እየወጣች አንድ በአንድ ልጋቸዋለች። መዳፏ ተልጦ ይደማል።

«በል ቁጥሩን አሳየኝ!» ብላ ጮኸችብኝ። «የታለ? የታለ ሳጥኑ? ሂድና ለሁሉም ንገራቸው፣ የእኛም ቤት እንደ ሰው ቤት ነው!»

አፌን ከመክፈቴ በደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ማቱሽ የምሳ ዕቃውን እንዳንጠለጠለ ከሥራ ገባ። ቀና አለ። የምሳ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀመጠና ቆቡን አወለቀ። የመጀመሪያውን አግዳሚ በጣቱ ዳሰሰው፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ እንደዚያ እያለ እስከ ግድግዳው ድረስ ሄደ። ቬርና፣ «አባዬ፣ ልጆቹ ሳቁብኝ» አለች። እሱ ጣቱን ከእንጨቱ ላይ አላነሳም። ቢመታት ይሻል ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ቢመታትና ቢገላገሉ ይሻል ነበር። ዞሮ እኔን አየኝና፣ «ልጅ፣ እናትህ ትፈልግሃለች» አለኝ። እናቴ አልፈለገችኝም፤ ግን ሄድኩ።

ከሳምንት በኋላ በቤታቸው ሳልፍ በምድር ቤቱ መስኮት ጎንበስ ብዬ አየሁ። ማቱሽ በርሜሉ ላይ ቆሟል። የአናጺ እርሳስ ይዞ በነጩ ቦታ ላይ ይጽፋል። መጽሐፉን አልያዘም። ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይቆያል፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ከዚያ ይጽፋል። ሠላሳ አራቱንም አግዳሚዎች እንደዚያ መልሶ ጻፋቸው። ሰባቶቹን በሙሉ ቀበቶ አስታጥቋቸው ነበር። ቬርናም ከዚያ ወዲህ ሰባት በጻፈች ቁጥር ወገቡ ላይ ሰረዝ ማድረግ ጀመረች። አስተማሪዋ ብትቆጣት፣ ብታንበረክካት፣ አልተወችውም።

ዕድሜያችን እንዲሁ ሄደ። ሃያ አንድ ዓመት ሲሆነን አውሎ ነፋስ መጥቶ የቤታቸውን ጣሪያ ከነሳንዱቁ ይዞት ሄደ። መጽሐፉም ሌላውም የቤቱ ወረቀት ሳንዱቁ ውስጥ ነበር። ማቱሽ ጣሪያውን በአዲስ እንጨት ሠራው፤ ከዚያ ሳንባው በከሰል አቧራ አለቀና ሞተ፣ ሚስቱም ተከተለችው። ቬርና ባል አላገባችም። ሠላሳ ስምንት ዓመት በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ለልጆች ምሳ ሠራች፣ የእኔንም ልጆች አበላች። በየዓመቱ ለገና፣ በእናቷ አገር ወግ፣ ለውዝ የተጠቀለለበት ዳቦ ጋግራ ፀጉር ቤቴ ታመጣና ጠረጴዛው ላይ ዱብ ታደርገዋለች።

«ለምላሳሙ» ትላለች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ቴምብር» እላለሁ።

ያ ስም ከወጣላት ሰባ ዓመት! አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ቀልድ ነው ብዬ፣ ለምዳዋለች ብዬ። አልለመደችውም ነበር።

ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ የከተማው ምክር ቤት መንገድ ሊያሰፋ ተነሳ። ከከተማው ዳር አዲስ የእህል ጎተራ ተሠርቶ ትልልቆቹ የጭነት መኪኖች ማለፊያ አጡ። የሚሰፋው መንገድ ደግሞ የሚያልፈው በቬርና ቤት ላይ ነው። ቤቱን ልቀቂ የሚለው ደብዳቤ የደረሳት ዕለት ፀጉር ቤት መጣች። ሥራውን ለልጄ ከለቀቅኩ ቆይቻለሁ፤ ግን ወንበሬ እዚያው ነው፣ የምውለውም እዚያው ነው።

«ፊት ክፍል ውስጥ ተወለድኩ፣ ሬሳዬም የሚወጣው ከፊት ክፍል ነው» አለችኝ ቆማ። «ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ሌስተር። የቀረኝ ትንሽ ነው። ይጠብቁኝ።»

አንጀቴን በላችው። ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዘመን ተገልብጦ ያ የተሳቀበት የሳጥን ቤት ዛሬ ክብር ሆኗል እኮ! ሰዎች ከሩቅ እየመጡ ፎቶ ያነሱታል፣ በር ላይ የነሐስ ሰሌዳ ይለጥፉበታል። በቅርስ መዝገብ የገባ ቤት አይፈርስም፤ መንገዱ ራሱ ይጠማዘዛል፤ ለመጠማዘዣ የሚሆን ባዶ መሬት ደግሞ ከጎኗ አለ። «ተነሺ ቴምብር፣ ቤትሽ ቅርስ ነው!» አልኳት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ስም አሳቃት።

ማመልከቻውን እሷ ጻፈች፣ እኔ ፖስታ ቤት ወሰድኩ። ከወር በኋላ ከአውራጃው የቅርስ ማኅበር ዳና ኦስትራንደር የምትባል ወጣት ባለሙያ መጣች። ጨዋ ልጅ ናት፣ ሐሜት የለኝም። ቤቱን ከውጭ ዞራ አየችውና ዓይኗ በራ፤ ካታሎጉ ላይ ያለውን ሥዕል ቁጭ ነው አለች። «ግን መልኩ ብቻ አይበቃም፤ ያኔ ሥዕሉን አይተው በሌላ እንጨት የሠሩ አናጺዎች ሞልተዋል። ወይ ወረቀት፣ ወይ እንጨቱ ላይ ማኅተም ያስፈልገኛል» አለች። ወረቀቱን ነፋስ እንደወሰደው ነገርናት። ጣሪያው አዲስ ነው። የቀረው ምድር ቤቱ ነው። ወረድን።

ባትሪዋን ወደ አግዳሚዎቹ አበራች። ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደች፤ ፊቷ እየጠቆረ መጣ።

«ሚስ ቫንቾ፣ ይህ እኮ ማኅተም አይደለም። በእርሳስ የተጻፈ ነው።»

«አዎ፣ እርሳስ ነው» አለች ቬርና።

«ማን ጻፈው?»

«አባቴ።»

«ታትሞ ከመጣ ታዲያ እንደገና መጻፍ ለምን አስፈለጋቸው? ደግሞ ቦታው ተልጓል። ማኅተሙን ማን አነሳው?»

እኔ አፌን ከፈትኩ። «ሌስተር!» አለች ቬርና፣ ሳታየኝ። ዘጋሁት። ሲያስፈልግ ዝም ብዬ የማላውቅ ሰው፣ በዚያች ሰዓት ዝም አልኩ። ልጅቷ ከቦርሳዋ ማመልከቻውን አወጣችና ባትሪውን በስልክ ቁጥሩ ላይ አበራች። ቀና ብላ እንጨቱን አየች። እንደገና ወረቀቱን አየች። እኔም አየሁ፤ የወረቀቱም ሰባት የእንጨቱም ሰባት ቀበቶ ታጥቀዋል። ልጅቷ ቤት ለማዳን ብላ አሮጊቷ በገዛ እጇ የጻፈችው ነው ብላ አሰበች። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ይህንኑ ነበር የማስበው።

ከሄደች በኋላ ወጥ ቤት ቁጭ አልን። «ለምን አትነግሪያትም?» አልኳት፣ ቆሽቴ አሮ።

«ምን ብዬ?»

«የሆነውን! ልጅ ነበርኩ፣ ልጆች ሳቁብኝ፣ ላግኩት ማለት ያቅታል?»

«አባቴ የሚያነበው አንድ ነገር ብቻ ነበረው» አለች። «እሱን ነው የፋቅኩበት። ይህን ለማንም አልናገርም። አንተም ብትናገር ዓይንህን አላይም።»

«ቤቱስ?»

ተነስታ ኩባያዎቹን ማጠብ ጀመረች።

የምክር ቤቱ ስብሰባ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ቬርና ሰማያዊ ካፖርቷን ለብሳ ከፊት ወንበር ተቀመጠች። ከንቲባው ሮይ ትሬድዌይ የባለሙያዋን ሪፖርት አነበበ፤ «ቁጥሮቹ ማኅተም አይደሉም፤ የእጅ ጽሑፉ ከቤቱ ባለቤት ጽሑፍ ጋር ይመሳሰላል» ይላል። አዳራሹ አጉረመረመ። ከኋላ አንዱ፣ «ቴምብር ደግሞ ማኅተም መቅረጽ ጀመረች?» አለ። ሳቁ! ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያውን ያስሳቅኩት እኔ ነኛ።

ቬርና ተነሳች። ጉንጯ ቀላ። «አባቴ አልዋሸም» አለች። ሌላ ነገር ልትጨምር ታገለች። ግን አልወጣትም፤ ልክ እንደዚያን ቀን እንደቆመች ቀረች። አላስቻለኝም። ተነሳሁና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ መላጊያውን፣ በርሜሉን፣ የደማውን መዳፏን፣ ማቱሽ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጽፍ ያየሁትን።

ማንም አልሳቀም ለጊዜው። ከዚያ ሮይ መነጽሩን አወለቀ። ሮይ ማለት በልጅነቱ ሲያለቅስ ከረሜላ አፉ ውስጥ እየከተትኩ ፀጉሩን የቆረጥኩት ልጅ ነው።

«ሌስ» አለኝ፣ «ድቡም እዚያ ነበር?»

ጉድ ፈላ። የሰርከስ ድብ ጢም ላጭቻለሁ ብዬ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ለዚህ ከተማ ያወራሁት እኔ ነኝ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ሰዎች ዓይናቸውን እየጠረጉ ይስቃሉ፣ እንዲያውም በክፋት አይደለም፣ ስለሚወዱኝ ነው የሚስቁት። «ድቡ ውሸት ነው! ይህ ግን እውነት ነው!» ብዬ ብጮህ ባሰባቸው። «እሺ ሌስ፣ በቃ ተቀመጥ እስቲ» አለኝ ሮይ፣ እንደ ሕፃን እያባበለ። ድምፅ ተሰጠ። አምስት ለሁለት ቬርና ተሸነፈች።

በሩ ላይ ጠበቅኳት። ካፖርቷን እየቆለፈች፣ «በዕድሜህ አንድ ጊዜ እውነት ብትናገር፣ እሱንም ሰው አሳቅክብኝ» አለችኝ። ሄደች። እኔ እዚያው ቀረሁ፤ ሰዎች ሲያልፉ ትከሻዬን ቸብ ቸብ እያደረጉ «አንተ ሽማግሌ፣ አታረጅም» ይሉኛል።

በጥቅምት የአረጋውያን መጦሪያ አስገቧት። በኅዳር ቤቱን ሊያፈርሱ መጡ። አትሂድ ብላኝ ነበር፣ እኔ ግን ሄድኩ። ብርድ ነበር። ኤክስካቫተሩ ጣሪያውን አነሳ፣ የፊት ክፍሉን ጨፈለቀው፣ ግድግዳዎቹን አንድ በአንድ ጣላቸው። በመጨረሻ ወለሉ ጋ ደረሰ። አግዳሚዎቹ ጫፋቸው በመሠረቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ከውጭ ደግሞ በሰፊ ጣውላ ተሸፍኖ ነበር። ጣውላው ተገነጠለ። አግዳሚዎቹ ወጥተው ተከመሩ፣ ጫፋቸው ወደ እኔ ዞሮ።

ጫፋቸው ላይ ጥቁር ማኅተም አለ።

መጮሄን አላወቅኩትም። ኤክስካቫተሩን የሚነዳው ሰው የተመታሁ መስሎት ሞተሩን አጠፋና እየሮጠ መጣ። እኔ ክምሩ ላይ በእጄና በእግሬ እየወጣሁ ነበር፣ በሰማንያ አንድ ዓመቴ። ፋብሪካው ሁለት ቦታ ነበር ያተመው፤ አንዱን ጎኑ ላይ፣ አንዱን ጫፉ ላይ። የጎኑን ቬርና ላገችው። የጫፉ ግን ከጣውላው ኋላ ጥቁር እንደሆነ ሰማንያ ዓመት ተቀምጧል፤ አንድ ጣውላ ብንገነጥል ኖሮ እናየው ነበር። ማቱሽ ያውቀው ነበር፤ ቤቱን የገጠመው እሱ ነው። ግን ማን ጠየቀው?

አንዱን አየሁ፤ ጫፉ ላይ ሲ 403 ይላል፣ ጎኑ ላይ በእርሳስ ሲ 403። ሌላውን አየሁ፤ ሲ 422፣ ሲ 422። ሾፌሩ ምን እንደምፈልግ ሳይገባው እየረዳኝ፣ አንድ በአንድ ሠላሳ አራቱንም አገላበጥናቸው። ማንበብ የማይችለው ሰው፣ ከጭንቅላቱ አውጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የጻፈው ነው። አንድም አልተሳሳተም። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሾፌሩ ከሲ 417 ጫፍ አንድ ክንድ ያህል በመጋዝ ቆርጦ ሰጠኝ። በማግስቱ በፎጣ ጠቅልዬ መጦሪያው ሄድኩ። ቬርና መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ፎጣውን ፈትቼ እንጨቱን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። መጀመሪያ ጫፉን በጣቷ ዳሰሰች።

«ሲ 417» አለች። «ሰባቱ ቀበቶ የለውም።»

«አገላብጪው።»

አገላበጠችው። የአባቷን ጽሑፍ አየች። እንደገና ጫፉን አየች። ገባት።

«ሌሎቹስ?»

«ሁሉም። አንድም አልተሳሳተም፣ ቬርና።»

በስሟ ስጠራት ያ ቀን የመጀመሪያዬ ይመስለኛል። ቬርና ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ልጆቹ እጃቸውን ሲልሱባት እንኳ አላለቀሰችም። ያን ቀን ግን እንጨቱን ታቅፋ እንባዋ እየወረደ ብዙ ቆየች። እኔም ሰባ ዓመት ያነቀኝን ተነፈስኩ። «ይቅር በይኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «የቱን፣ ሌስተር?» አለች።

ልመልስ ብል ያቺ ስለታም ምላሴ ተሳሰረች። እውነትም የቱን? ክፍል ውስጥ ያልኩትን? ምድር ቤት ውስጥ ዝም ያልኩትን? ድቡን? ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ስሄድ እንጨቱን አልመለሰችልኝም። በሦስተኛው ወር ከመጦሪያው ጠባብ ክፍል ሬሳዋ ወጣ።

ዳና ኦስትራንደር ቀብር መጥታ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል። «አቶ ፕሩዊት፣ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አለችኝ። «አንቺማ ጠይቀሽ ነበር፣ የሚመልስልሽ አጣሽ እንጂ» አልኳት። መጦሪያው ለእኔ የመለሰውን እንጨት የከተማችን የድሮ ዕቃ ለሚታይበት የታሪክ ክፍል እንድሰጠው ለመነችኝና ሰጠኋት። ዛሬ መስኮቱ አጠገብ ባለ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሥሩ የተለጠፈው ወረቀት «በካታሎግ ከታዘዘ፣ ከፈረሰ ቤት የተገኘ እውነተኛ ማኅተም» ይላል። ስለ ቬርና ምንም የለም። ስለ ማቱሽም ምንም የለም። ማኅተሙ ወደ ሰው ዞሯል፣ የእርሳሱ ጽሑፍ ግን ወደ ግድግዳ።

ክፍሉ የሚከፈተው ሐሙስና ዓርብ ነው። ሐሙስ ሐሙስ እገባና እንጨቱን አዞረዋለሁ፤ ቀበቶ የታጠቀው ሰባት ወደ ሰው፣ ማኅተሙ ወደ ግድግዳ። ክፍሉን የምትጠብቀው ሴትዮ መጀመሪያ ተቆጣችኝ፤ «አቶ ፕሩዊት፣ ጎብኚው የሚፈልገው እውነተኛውን ነው እኮ!» አለችኝ። እውነተኛው የቱ እንደሆነ ልነግራት ጀመርኩ። ገና መላጊያው ጋ ስደርስ ፈገግ አለች፤ ስለ ድቡ ሰምታለች። ስለዚህ ዝም ብዬ አዞረዋለሁ። ዓርብ ጠዋት እሷ ትመልሰዋለች፣ ሐሙስ እኔ እመለሳለሁ።